ለሳሌ የሰጠሽኝ ማር

ሚያዝያ 2004 ዓ.ም.
ከጁባ ወጣ ብሎ፣ ደቡብ ሱዳን

ውድ እቴቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቁንዶ በርበሬው ዘንድሮ ያዘ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህና በላይ ነኝ፤ ግን ደስታዬን ገና ከመጀመሪያው ዘርግፌ እንዳላስቆጣሽ ቀስ ብዬ ልምጣበት።

በመጀመሪያ መነጽርሽን ፈልጊ። ራስሽ ላይ ይሆናል። ከዚያ ጓሮ ማንጎው ሥር ተቀመጪና ራስሽ አንብቢው፤ ለማሚት እንዳታስነብቢያት። ጎረቤታችንን እወዳታለሁ፤ ግን የሰው ደብዳቤ ስታነብ የራሷንም ትጨምርበታለች። የባሏ ወንድም ከማጂ የላከውን ስታነብልን ሰውየውን ያላገባትን ሚስት አጋብታው እንደነበር አትርሺ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠረቀምሽው እኮ። "ለፋሲካ አልመጣም እቴቴ፤ እዚሁ ልቆይ አስቤያለሁ" አልኩሽ። "እስከ መቼ?" አልሽ። "ብዙ ዓመት" አልኩ። "ሞኝሽን ፈልጊ" ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር የምታነሳልኝ ያቺ "የደወሉላቸው ደንበኛ" የምትለው ሴትዮ ናት። እሷም ሳልሰለቻት አልቀረሁም። ስለዚህ ደብዳቤ ለመጻፍ ወሰንኩ፤ ደብዳቤ አይጠረቀምም።

የምፈልገውን አስቀድሜ በግልጽ ልንገርሽ። እዚህ መኖር እፈልጋለሁ፤ እነዚህ ልጆች ነፍስ አውቀው፣ ተምረው፣ ጎጆ እስኪወጡ ድረስ። ደግሞም ምርቃትሽን እፈልጋለሁ። አንዱን ያለ አንዱ አልችልበትም። ቤተ ክርስቲያኔ እጅ ጭና ልካኛለች፤ እሱ አለ። ግን ያሳደገኝ የአንቺ አፍ ነው፤ እሱ ካልመረቀኝ እግሬ አይጸናም። ስለዚህ "አይሆንም፣ ነይ" ካልሽኝ እመጣለሁ። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ፣ ዓይኔ እያበጠ፣ እመጣለሁ። ይህን የምለው ላስፈራራሽ አይደለም፤ እውነቴን ነው።

አሁን ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ጥር ላይ ቴፒ መናኸሪያ ስትሸኚኝ ሁለት ነገር አስምለሽኛል። አንደኛው ሦስት ወር አገልግዬ ለፋሲካ እንድመለስ ነው። ሁለተኛው ያ የማሻ ነጭ ማር ነው። በነጠላሽ ጫፍ ክዳኑን እያጠበቅሽ "ይህ ለሳልሽ ነው። ለማንም እንዳታቃምሺ። አውቅሻለሁ፣ ያለሽን ሁሉ በትነሽ የምታድሪ ሰው ነሽ" አልሽ። "እሺ" አልኩ። "ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው" አልሽ። "እሺ አልኩሽ እኮ እቴቴ" አልኩ፤ ረዳቱም "እናት፣ መኪናው ሊወጣ ነው" ብሎ በሩን ደበደበው። ይኸውልሽ፣ ሁለቱንም ቃል አፍርሻለሁ። የመጀመሪያውን ያፈረስኩትም ሁለተኛውን ስላፈረስኩ ነው። እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ።

አገሩን ብታዪው ትወጂው ነበር፤ ሙቀቱን ግን አትችዪውም። አፈሩ እንደ ሚዛን መንገድ ቀይ ነው፣ ልብስ ላይ ከያዘ አይለቅም። ማንጎ መዓት ነው። ዝናቡ ባለፈው ሳምንት ጀመረ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ቴፒ የገባሁ መሰለኝ። የእኛ ጥላ ያለው ጫካ ግን የለም፤ ዛፉ እዚህም እዚያም ተራርቆ ነው የቆመው። ሰው ገና አገር ሆነን ብሎ በደስታ ላይ ነው። ባንዲራው አዲስ፣ ትምህርት ቤቱ አዲስ፣ ገበያው አዲስ። ልጆቹ ግን የድሮው ጦርነት ልጆች ናቸው።

የልጆቹ ቤት ሦስት ረጃጅም ቤቶች አሉት፤ አራተኛው እየተሠራ ነው። እኔ በወረቀት ነርስ ነኝ። በተግባር ግን ፀጉር ቆራጭ፣ ቁልፍ ሰፊ፣ ጥርስ ነቃይ፣ ደግሞም ዳኛ ነኝ፤ ኳሱን ማን ቀድሞ ያዘ የሚለውን ክስ በቀን ስንቴ እንደምሰማ ብነግርሽ አታምኚኝም። እዚህ የሚነገረውን ዐረብኛ ተሰባብሮም ቢሆን ይዤዋለሁ። ስሳሳት ይስቁብኛል፤ እኔም እስቃለሁ። እቴቴ፣ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ቴፒ ጤና ጣቢያ ስሠራ እንኳ በምሳ ሰዓት ሰዓቴን አይ ነበር። እዚህ ሰዓቴ ቆሞ መክረሙን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ኪደን የምትባል ልጅ አለች። አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይሆናታል፤ በትክክል የሚያውቅ የለም። አያቷ ሲሞቱ ጎረቤት አምጥቶ እኛ በር ላይ አስቀምጧት ሄደ። አትናገርም፣ አታለቅስም፤ ግድግዳውን ታቅፋ ትቆማለች። በመጣች በሳምንቷ ወባ ያዛት። መድኃኒቱን ፈጭቼ በማንኪያ ይዤ ስቀርብ ጥርሷን ግጥም አድርጋ ነከሰች። ቀደም ሲል በማንኪያ በግድ ያጠጣት ሰው ሳይኖር አይቀርም፤ ማንኪያ ስታይ ዓይኗ ሌላ ይሆናል። ለመንኳት፣ ዘፈንኩላት፣ ራሴ ቀምሼ አሳየኋት፤ ፊቴ በምሬት ሲኮማተር አይታ ጭራሽ ባሰባት። ትኩሳቷ ደግሞ እየጨመረ ነው። በመርፌ የሚሰጠው አልቆብናል፤ ጁባ ደርሶ ለማምጣት መኪናችን ጎማው ፈንድቶ ቆሟል።

ያኔ ማርሽ ትዝ አለኝ።

ምንም አላሰብኩም እልሻለሁ። እጄን ታጠብኩ፤ ነርስ ነኝ፣ አትሳቂብኝ። ዱቄቱን ከማሩ ጋር ለወስኩና በአውራ ጣቴ ጠቅሼ ከንፈሯ ላይ አደረግሁት። ምላሷን አወጣች። ከዚያ ጣቴን ጎርሳ መጥባት ጀመረች። እቴቴ፣ አንጀቴን በላችው። የመጨረሻዋ ላይ ማሩ አልቆ ጣቴን ብቻ ስታገኘው ነከሰችኝ፣ ደም እስኪወጣ። ጮኽኩ። እሷም ደንግጣ ትክ ብላ አየችኝና "ታኒ" አለች። "ድገሚኝ" ማለት ነው። ከመጣች የመጀመሪያው ቃሏ ነበር።

ደግሜ ሰጠኋት። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን መድኃኒቷን እንዲሁ ጨረሰች። ዳነች። ከዚያ ወሬው ወጣ። አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት ልጆቹ ተሰልፈው አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ አንዳቸውም አልታመሙም። ላዶ የሚባለው ትልቁ ልጅ፣ ጢም ማብቀል የጀመረው፣ ሳይቀር "ሆዴን ያመኛል" ብሎ አፉን ከፈተ። ምን ላድርግ? በዚያው ጣቴ፣ እየታጠብኩ፣ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ አደረስኩ። ለሳሌ የሰጠሽኝ ማር እንዲህ ነው ያለቀው። ሳሉ እንደሆነ አልመጣም።

ይህን ሁሉ ጋሽ ባየ ከግንቡ ላይ ሆነው ያያሉ። ጋሽ ባየ አራተኛውን ቤት የሚገነቡልን ናቸው፤ የሚዛን ሰው፣ ወላጆቻቸው ግን እንዳንቺው ከጎጃም የመጡ። የግንበኛ ማንኪያቸውን ሲሚንቶው ላይ ሰኩና እስኪደክማቸው ሳቁ። "ምነው ጋሼ?" አልኳቸው። "አይ ልጄ" አሉ፣ "አላወቅሽም እንጂ በአባቶቻችን ሕግ እኮ ሁሉንም ወለድሻቸው። በአውራ ጣት ማር ያጠባ እናት ነው። አሁን እስቲ ለፋሲካ እሄዳለሁ በይ።"

እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ስቄ ሳልጨርስ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያ አውራ ጣት የማን እንደሆነ ትዝ አለኛ።

አንቺ ስለዚያ ቀን አታወሪም፤ እኔ ግን ሁሉንም አስታውሳለሁ። እናትና አባቴ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥተው በአንድ ክረምት ወባ ሁለቱንም ወሰዳቸው። እኔ የቡና መፈልፈያው ጣቢያ አጥር ሥር ቀረሁ። ሰው ያበላኛል፣ ሰው ያሳድረኛል፣ የማንም አይደለሁም። አንቺና ጋሽ አስረስ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ልጅ አልነበራችሁም። ሽማግሌዎች ጠራሽ፣ ቄሱን ጠራሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። አዲስ ቀሚስ አልብሰሽኝ ነበር፤ ትልቅ ስለነበር ስራመድ ይጠልፈኛል። ቀኝ አውራ ጣትሽን ማር ውስጥ ነከርሽና "ጥቢ" አልሽኝ። ከዚያ ቆመሽ "ይህችን ልጅ በማር ወልጃታለሁ። ብክዳት ማሩ ይምረረኝ" አልሽ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔ ደግሞ ርቦኝ ነበርና ነከስኩሽ። ጠባሳው እስከ ዛሬ ጣትሽ ላይ አለ። ቄሱ ሲደነግጡ አንቺ "ተዉአት፣ ጥርስ ያላት ልጅ ነው የወለድኩት" አልሽ።

ስሜን አወጣሽልኝ፣ ቤትሽን ሰጠሽኝ። "እማዬ" ልልሽ ስሞክር ግን ከለከልሽኝ። "እናትሽ አንድ ናት፣ አፈር ቢጫናትም እናትሽ ናት። እኔ እቴቴ ነኝ" አልሽ። ልጅ ሆኜ ቅር ይለኝ ነበር። አሁን ገባኝ። ምክንያቱም ልጆቹ "ማማ" ሊሉኝ ሲጀምሩ አፌ ሳላዘው "ማማ አትበሉኝ፣ እቴቴ በሉኝ" አለ። አሁን እዚህ ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ "እቴቴ፣ እቴቴ" ነው። ከበሩ ውጭ አትክልት የምትሸጠዋ ሴት እንኳ "እቴቴ፣ ቲማቲም" ትለኛለች። ስምሽ ድንበር ተሻግሯል።

ታዲያ በዚያ በጋሽ ባየ ቀልድ ነው እንዴ ሕይወትሽን የምትወስኚው ትዪኝ ይሆናል። አይደለም። ጥሪ የሚባለውን ነገር አንቺ አትወጂውም፣ አውቃለሁ። "የእናንተ ጸሎት ቤት ሰዎች እግዚአብሔር ቡና ሲያፈሉም ያነጋግራቸዋል" ትያለሽ። እውነትሽን ነው፣ አንዳንዶቻችን እናበዛዋለን። ሚዛን ጉባኤ ላይ "ማን ይሄዳል?" ሲባል እጄን ያወጣሁት ግማሹ አጠገቤ ያለችው ስላወጣች ነው፤ ሳልዋሽሽ። የሦስት ወር ነገር ነው ብዬ ነው የመጣሁት። ለእኔም ድምፅ አልመጣልኝም፣ ሕልምም አላየሁም። አንሶላ እያጠብኩ ነበር። ከላዶ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን ስንጨምቅ "ኪደን ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ እኮ ይህ አንሶላ ያጥራታል" አልኩት። ላዶ ጣቱን ይቆጥር ጀመር፤ መቼ ነው ስምንተኛ የምትደርሰው ብሎ። ያኔ ደነገጥኩ። በልቤ ስምንተኛ ክፍል አድርሻታለሁ፤ ዩኒፎርሟን ሰፍቼላታለሁ፤ እኔም እዚያው ነኝ። ለፋሲካ የሚሄድ ሰው እንዲህ አያስብም። አንሶላውን ለቀቅሁና ጭቃው ላይ ወደቀ። ላዶ "እቴቴ፣ ምን ሆንሽ?" አለ። "ምንም፣ ደስ ብሎኝ ነው" አልኩት፤ እንደገናም አጠብነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቤ አንድ ቦታ ተቀምጧል። ጌታ ያነጋግራል የሚሉት ይህ ካልሆነ ሌላ አላውቅም።

ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት አንድ ጥያቄ ወርውረሽብኝ ነበር። "ወላጅ የሌለው ልጅ ቴፒ ጠፍቶ ነው?" ብለሽ። ብዙ አሰብኩበት። አልጠፋም እቴቴ። ግን ቴፒ ላይ ልጅ ሲወድቅ አንቺ አለሽ፣ ማሚት አለች፣ ዕድሩ አለ፣ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው አለ። እዚህ ጦርነቱ ወላጁን ብቻ አይደለም የወሰደው፤ ሊያነሳ የሚችለውን ጎረቤትም ነው። ደግሞ እኔ አልመረጥኳቸውም። ኪደን ናት በሬ ላይ የተቀመጠችው።

አንቺስ? ቆይ፣ ይህን ሳትቆጪ አንብቢው። አንቺ ቴፒ የመጣሽው ለአንድ የቡና ወቅት አልነበረም? ጋሽ አስረስ የቡና ልማቱ መካኒክ ነበር፣ ልትጠይቂው መጣሽ። የአካባቢውን ቋንቋ ሸኮኛውን አታውቂ፣ ዝናቡን አትወጂው፣ ጫካው ያስፈራሻል። እሱ ሲሞት ወንድምሽ ከቢቸና ድረስ መጥቶ "ተነሺ አገርሽ ግቢ፤ ልጅቱን ለመንግሥት ስጪያት" ያለሽ ዕለት እኔ በሩ ኋላ ሆኜ እሰማ ነበር። ልብሴን በፌስታል አጥፌ ይዤ ነበር፤ ይሰጡኛል ብዬ። አንቺ ግን "የማር ልጅ አይካድም" አልሽው። ማር በጀሪካን ሞልተሽ ለመንገዱ ሰጠሽው፤ ሄደ። አገርሽን ለእኔ ተውሽ። ቴፒ ላንቺ የሰው አገር ነበር፣ እኔም የሰው ልጅ ነበርኩ። እኔ ይህን ከማንም ሰባኪ አልተማርኩትም፤ ከአንቺ ነው።

ብቻሽን መቅረትሽ ግን ሆዴን ይበላዋል። ደስታዬ ላይ የሚያርፍብኝ ጥላ እሱ ብቻ ነው። ቁንዶ በርበሬውን ማን ይለቅማል፣ ጉልበትሽ ሲያምሽ ማን ያሽልሻል እያልኩ አስባለሁ። በየዓመቱ ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ከዘንድሮው በስተቀር። ግን በዓመት አንዴ መምጣት ልጅ መሆን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምለምንሽ።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን አቁሜ ነበር። ጁባ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። አሁን ከዚህ በታች ያለው ዛሬ የተጻፈ ነው።

ጋሽ ባየ ከፋሲካ ተመለሱ። ወደ ቴፒ ሂዱልኝ አላልኳቸውም፤ ሚዛን ቤተሰቦቻቸው ጋ ነው የሄዱት። እሳቸው ግን ከመኪናው ሲወርዱ ትልቅ ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። "ቦሌ ላይ ይህን ሲፈትሹኝ የዋሉት ሰዎች ግማሹን ሊቀምሱት ነበር" አሉ። ጀሪካኑን ተቀበልኳቸውና ክዳኑን አሸተትኩት፤ የማሻ ማር ነው።

ሁሉንም ነገሩኝ። ቴፒ ድረስ መጥተው አንቺ ዘንድ እንደገቡ፣ ምግብ እንዳቀረብሽላቸው፣ ስለ እኔ ሲጀምሩ ግን ፊትሽን ወደ ግድግዳ እንዳዞርሽ። "ድንጋይ ነው የማነጋግረው ብዬ ነበር" አሉ። ከዚያ የኪደንን ነገር፣ ማሩን፣ አውራ ጣቱን ነገሩሽ። ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሻቸው።

"ነከሰቻት?"

"አዎ፣ ደም እስኪወጣ" አሉሽ።

ተነሥተሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። ጋሽ ባየ የተቆጣሽ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አንስተው ነበር። ስትወጪ ጀሪካኑን ይዘሻል፤ ዓይንሽም ቀልቷል። "ይህ ለሳሏ አይደለም በላት" አልሽ። "ለልጅ ልጆቼ ነው። እሷ ትቅመስ እንጂ እንዳትጨርስባቸው።"

እቴቴ፣ ልጆቹን ሁሉ ሰበሰብኳቸው። ገና ሳልከፍተው አፋቸው ተከፍቷል። ኪደን ከፊት ናት፤ አሁን ግድግዳ አታቅፍም፣ እኔን ነው የምትታከከው። "ይህን የላከችው እቴቴ ናት" አልኳቸው። ኪደን ግራ ገብቷት "እቴቴ አንቺ ነሽ" አለችኝ። "እኔ ትንሿ ነኝ፤ ትልቋ ቴፒ ናት" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "እሷንም ነክሰሻታል?" አለች። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ ሳቄም እንባዬም ተደባልቆ ነበር።

ስልክሽን ክፈቺው። ቅዳሜ ከገበያ ስትመለሺ እደውላለሁ፤ ኪደን ልታነጋግርሽ አማርኛ እየተለማመደች ነው፣ እስካሁን የያዘችው "እንዴት ነሽ" እና "ማር" ብቻ ነው። ለከርሞ ፋሲካ ይዣት እመጣለሁ፤ ጠባሳሽን ልታይ ትፈልጋለች።

ከማከፋፈሌ በፊት በአውራ ጣቴ ቀምሼው ነበር፤ ቃልሽ ትዝ ስላለኝ ፈርቼ ነው። አልመረረም እቴቴ።

የማር ልጅሽ፣
ማናልሞሽ